የንግሥት አን ዘመን ባለቅኔዎች፦ ደጅ ጠኚዎች ወይስ ሻጮች? (ከአንድ ረጅም ክር)

በዚህ ርእስ ለተከፈተው ክር የተሰጡት መልሶች በዝተው፣ ዘግይተው የመጡ አንባቢዎች ነገሩ ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ ለመከታተል ስለተቸገሩ፣ የመድረኩ አስተናባሪ እንደ መሆኔ ከመክፈቻው ጽሑፍ እስከ ቁጥር 19 ያለውን በራሴ አነጋገር አቅርቤዋለሁ፤ ቁጥሮቹ የመልሶቹን ተራ ያመለክታሉ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በየመሐሉ የራሴን አስተያየት ጣል ማድረጌ አልቀረም።

የመክፈቻው ጽሑፍ አጭርና ምንም የማያለሳልስ ነው። ጸሐፊው ከ1700 እስከ 1730 እንግሊዝ አገር የታተመውን ግጥም ጠቅልለው የሹማምንት ደጅ ጥናት ነው ይሉና የጆሴፍ አዲሰንን «ዘመቻው» የተባለ ግጥም በምስክርነት ይጠራሉ። የማርልቦሮ መስፍን በኦገስት 1704 ብሌንሃይም ላይ የፈረንሳይንና የባቫሪያን ጦር ድል ባደረገ ጊዜ፣ የግምጃ ቤቱ ሹም ጎዶልፊን ለድሉ የሚመጥን ግጥም አጥቶ ተከፋ፤ ሎርድ ሃሊፋክስም አዲሰንን ጠቆመው፤ እንደሚተረከውም አንድ የመንግሥት ባለሥልጣን ለንደን ሔይማርኬት ጣሪያ ሥር ወዳለችው ጠባብ ክፍል ደረጃውን ወጥቶ ትእዛዙን አደረሰ። ግጥሙ በዚያው ዓመት በዲሴምበር ለገበያ ወጣ፤ ገጣሚውም ፈላስፋው ጆን ሎክ ይዞት የነበረውን የቀረጥ ይግባኝ ሰሚነት ሹመት ተቀበለ። ስንኝ ሰጥቶ ሹመት መውሰድ፤ የዘመኑ ግጥም ከዚህ ሌላ ታሪክ ካለው የሚያውቅ ሰው ይንገረኝ ሲሉ የመክፈቻው ጸሐፊ ይጠይቃሉ።

ቁጥር 1 በምስጋና ጀምረው በሐሳቡ የተስማሙ ሰው ናቸው፤ እንዲያውም ክሱን አክብደውታል። ሐያሲው ሳሙኤል ጆንሰን በገጣሚዎች የሕይወት ታሪክ መጽሐፉ እንደሚተርከው አዲሰን የተሸለመው ግጥሙን ሳይጨርስ፣ ገና የመልአኩ ምሳሌ ላይ እንደ ደረሰ ነው። ምሳሌው ማርልቦሮን በውጊያው መሐል ሳይናወጥ እንደ ቆመ፣ በፈጣሪ ትእዛዝ ዐውሎ ነፋስን እንደሚነዳ መልአክ አድርጎ ያሳያል። ጸሐፊው የሚያስተውሉት ግጥሙን የገዛ የለንደን ሰው ሁሉ በኖቬምበር 1703 ጣሪያ የገነጠለውንና የጦር መርከቦችን ያሰጠመውን ታላቁን ማዕበል በዓይኑ አይቶ የነበረ መሆኑን ነው። ስለዚህ ውዳሴው ከሰማይ የወረደ ጌጥ ሳይሆን ሕዝቡ ገና ካልረሳው ፍርሃት የተቀዳ ነው ይላሉ። ይህ አባባላቸው በእኔ ግምት ከደገፉት ክስ ይልቅ ለአዲሰን የሚያደላ ነው፤ እሳቸው ግን ይህን አላዩትም።

ከቁጥር 2 እስከ 4 ያለው ወደ ዘመን አቆጣጠር የወጣ ጉዳይ ስለሆነ ቶሎ አልፈዋለሁ። ቁጥር 2 የግጥሙ የርእስ ገጽ 1705 ይላልና በ1704 ወጣ መባሉ ስሕተት ነው፤ ልዩነቱም እንግሊዞች ያኔ ይከተሉት በነበረው በአሮጌው አቆጣጠር የመጣ ነው አሉ። ቁጥር 3 አረሟቸው፦ በአሮጌው አቆጣጠር ዓመቱ የሚለወጠው በማርች 25 ስለሆነ ዲሴምበር 1704 በዚያም ቢሆን 1704 ነው፤ የ1705 ምክንያት በዓመቱ መጨረሻ የወጣ መጽሐፍ ቶሎ እንዳያረጅ የሚቀጥለውን ዓመት የሚያትሙት የመጻሕፍት ነጋዴዎች ልማድ ነው። ቁጥር 4 በአንድ ቤተ መጻሕፍት ሲሠሩ የእኛንና የፈረንጁን ዓመት ያደባለቀ መዝገብ እንዴት እንዳስቸገራቸው በሰፊው ተረኩ። ደስ የሚል ትረካ ነው፤ ከጥያቄው ጋር ግን አይገናኝም።

ክሩ ክብደት ያገኘው በቁጥር 5 ነው። ጸሐፊው የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ መምህር የነበሩ ሲሆኑ፣ የመክፈቻውን ጸሐፊ በአክብሮት እርስዎ እያሉ፣ አዲሰንን አንሥቶ ገጣሚውን አሌክሳንደር ፖፕን መዝለል እንደማይቻል ያስረዳሉ። ፖፕ በ1688 የተወለደ ካቶሊክ ነበር። በዘመኑ ሕግ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ አይገባም፣ የመንግሥት ሹመት አይዝም፣ የመሬት ግብር እጥፍ ይከፍላል፣ ከለንደን አሥር ማይል ውስጥ እንዲኖርም አይፈቀድለትም፤ ቤተሰቡ ዊንዘር ደን አጠገብ ቢንፊልድ ወደምትባል መንደር የሄደውም ይህ ሁሉ እያለበት ነው። አዲሰን የጠናው ደጅ ለፖፕ በሕግ የተዘጋ ነበር። ሎርድ ሃሊፋክስ ዳረጎት ሊቆርጥለት አስቦ እንኳ ፖፕ ሳይቀበል ቀርቷል። እንዲህ ያለ ሰው ከግጥም መኖር ከፈለገ ያለው መንገድ ገዢ መፈለግ ብቻ ነው፤ መምህሩም የሚሉት በእንግሊዝ የግጥም ንግድ መልኩን የለወጠው ሹመት የተከለከለ ሰው ነው። በዚህ ክር ውስጥ ከተባለው ሁሉ እኔን ያሳመነኝ ይህ ነው፤ ከዚህ በኋላ የመጣው ክርክር ሁሉ በአንድም በሌላም መልኩ ለእሱ የተሰጠ መልስ ነው።

መምህሩ ገንዘቡንም ቆጥረዋል። ፖፕ «የቁንዳላው ዝርፊያ» በሚል ልንጠራው የምንችለውን ግጥም፣ ሎርድ ፒተር የተባለ ወጣት የአራቤላ ፈርመርን ቁንዳላ በመቀስ ቆርጦ ሁለት የካቶሊክ ቤተሰቦች በተቀያየሙበት ጊዜ ለዕርቅ ብሎ ጻፈው። በ1712 በሁለት ክፍል ሲወጣ አሳታሚው በርናርድ ሊንተት የከፈለው 7 ፓውንድ ነው፤ በ1714 የአየር መናፍስቱና የካርታ ጨዋታው ተጨምረው በአምስት ክፍል ሲወጣ ደግሞ 15 ፓውንድ ጨመረ። ያ ሁለተኛው እትም በአራት ቀን 3,000 ቅጂ እንደ ተሸጠ ፖፕ ራሱ ለወዳጁ ጽፏል። ገጣሚው 22 ፓውንድ አግኝቶ ትርፉን ነጋዴው ወሰደ ማለት ነው፤ ፖፕም ትምህርቱን ከዚህ ወሰደ።

ቁጥር 6 ካቆሙበት ቀጠሉ። ፖፕ የሆሜርን «ኢሊያድ» ወደ እንግሊዝኛ ግጥም ሲመልስ በቅድሚያ ከፋዮችን እየመዘገበ ነበር። ሥራው ከ1715 እስከ 1720 በስድስት ቅጽ ወጣ፤ የሙሉው ዋጋ 6 ጊኒ (የወርቅ ሳንቲም) ሲሆን 575 ሰዎች 654 ቅጂ አዘዙ፤ ሊንተት ለተመዝጋቢዎቹ የሚሆነውን ቅጂ በራሱ ወጪ አትሞ ከማስረከቡ በላይ ለየቅጹ 200 ጊኒ ለገጣሚው ከፈለ። ፖፕ ከዚህ ሥራ ከ5,000 ፓውንድ በላይ አገኘና በ1719 ወደ ቴምዝ ዳር ወደ ትዊከናም ሄደ። ቁጥር 7 በአንድ መስመር፣ ጊኒና ፓውንድ አንድ አይደሉም፣ ጊኒ ከ1717 ጀምሮ 21 ሺሊንግ፣ ፓውንድ ግን 20 ሺሊንግ ነበር ብለው አረሙ፤ ሆላንድ ውስጥ በትንሽ መጠን ታትሞ በድብቅ የገባ ርካሽ «ኢሊያድ» ሊንተትን ዋጋ እንዲቀንስ እንዳስገደደውም አከሉ።

በቁጥር 8 የመክፈቻው ጸሐፊ ተመልሰው መጡ፤ ቃላቸውም ጠነከረ። የተመዝጋቢዎቹ ስም መጽሐፉ መግቢያ ላይ ታትሟል፤ ከፊት የተቀመጠችው የዌልስ ልዕልት ካሮላይን ናት፣ ተከትለዋት የሚመጡት መሳፍንትና መኳንንት ናቸው። ስለዚህ ፖፕ የአንድ ጌታ ደጅ ትቶ 575 ደጅ ጠና እንጂ ነጻ አልወጣም ይላሉ። በዚያ ላይ በ1713 ያሳተመው «የዊንዘር ደን» ንግሥት አን ጦርነት ይብቃ ብላ ስትናገር ዓለም በሰላም እንዳረፈ አድርጎ ከፈረንሳይ ጋር የተደረገውን የዩትሬክት የሰላም ውል የሚያወድስ፣ ለሎርድ ላንስዳውን የተበረከተ የቶሪ ፓርቲ መዝሙር ነው፤ ይህን ከአዲሰን የዊግ (የተቀናቃኙ ፓርቲ) መዝሙር የሚለየው ምንድን ነው ሲሉ ጠየቁ። ነጥባቸው ባዶ አይደለም። ግን በተመዝጋቢውና በጌታው መካከል አንድ ልዩነት አለ፦ 6 ጊኒ የከፈለ ሰው ገንዘቡን የሰጠው ሌላ ሰው ከሁለት ሺሕ ዓመት በላይ አስቀድሞ ለጻፈው ግጥም እንጂ እሱ ራሱ እንዲወደስበት አይደለም።

ቁጥር 9 የክሩን ጠባይ ያበላሹም ያሟሟቁም ናቸው። አንቱታውን ትተው የመክፈቻውን ጸሐፊ አንተ እያሉ፣ ግጥሞቹን ሳያነብ ስለ ግጥሞቹ የሚፈርድ ሰው አድርገው ተናገሯቸው። ስለ አነጋገራቸው ማስጠንቀቂያ ሰጥቻለሁ፤ ያቀረቡት ንባብ ግን ጥሩ በመሆኑ ከክሩ አላስወጣሁትም። በ«የቁንዳላው ዝርፊያ» ሦስተኛ ክፍል ሐምፕተን ኮርት ቤተ መንግሥት ሲገለጽ፣ ሦስት መንግሥታት የሚገዙላት አን አንዳንዴ ምክር፣ አንዳንዴ ሻይ እንደምትወስድ ይነገራል፤ ለመንግሥት ምክርና ለሻይ ያለው ግስ አንድ ነው፣ ንግሥቲቱም በአንድ ስንኝ ውስጥ ከዙፋን ወደ ሲኒ ትወርዳለች። ጥቂት ዝቅ ብሎ ከሰዓት በኋላ የራባቸው ዳኞች ፍርዱን በጥድፊያ ሲፈርሙና የዳኝነት ሸንጎው አባላት ምሳቸው እንዳይዘገይ ምስኪኖች ሲሰቀሉ ይታያል። ደጅ የሚጠና ሰው በደጁ ባለቤት ላይ እንዲህ አይቀልድም ሲሉ ጽሑፋቸውን ዘጉ።

ቁጥር 10 ቁጥር 9ን ስለ አነጋገራቸው ከገሠጹ በኋላ፣ አንዱ ግስ ሁለት ነገር መሸከሙ የእኛኑ ሰምና ወርቅ እንዳስታወሳቸው ጻፉ። ቁጥር 11 በጨዋነት አልተቀበሏቸውም፦ በሰምና ወርቅ ወርቁ ተሰውሮ ሰሚው ይፈልገዋል፤ በፖፕ ስንኝ ግን ምክሩም ሻይም ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፣ የሚያስቀውም ሁለቱ እኩል መቀመጣቸው ነው። እኔም ከቁጥር 11 ጋር ነኝ። ቁጥር 12 ደግሞ የራሳቸውን የግጥም መድበል ያሳተሙት ከወዳጅ ከዘመድ አስቀድመው ገንዘብ ሰብስበው መሆኑን፣ ከከፈሉት መካከል አንዳቸውም ስለ እኔ ግጥም ጻፍልኝ ብለው እንዳልጠየቋቸው፣ ጥቂቶቹ ግን መጽሐፉ ከወጣ በኋላ ስማቸው ምስጋናው ላይ በመዘለሉ እንደ ተቀየሙ ተረኩ። ለቁጥር 8 ከዚህ የተሻለ መልስ አልተሰጠም፤ ለመክፈቻው ጸሐፊም ትንሽ የሚተውላቸው ነገር አለው።

ቁጥር 13 ከመኳንንቱ መጽሐፍ ወደ ጎዳናው ወረዱ። የዘመኑን ግጥም በጊኒ ብቻ መለካት ያሳስታል ይላሉ፤ የጆናታን ስዊፍት የከተማ ዝናብ ግጥም በኦክቶበር 1710 የወጣው «ታትለር» በተባለው፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ በአንድ ፔኒ ይሸጥ በነበረ ወረቀት ላይ ነው። ግጥሙ ውስጥ የሚወደስ ጌታ የለም። ዝናቡ ሲጀምር አንዲት ሴት ከገመድ ላይ ልብስ ትሰበስባለች፤ በዝናቡ የበሰበሱ ሴቶች ሱቅ ገብተው ዋጋ ይከራከራሉ እንጂ ምንም አይገዙም፤ በዚያው ዓመት ሥልጣን የያዙት ቶሪዎችና ሥልጣን ያጡት ዊጎች ሰው ሠራሽ ጸጉራቸው እንዳይርስ ጠባቸውን ረስተው አንድ ጣሪያ ሥር ይጠለላሉ። መጨረሻ ላይ ጎርፉ ከስሚዝፊልድ የከብት ገበያ የእርድ ቤት ደምና አንጀት፣ የሰመጡ ቡችሎችና የሞቱ ድመቶች ይዞ ይወርዳል። ከዚያም ስለ ሔንሪ ሂልስ ነገሩን፤ ይህ ሰው ብላክፍራየርስ በወንዙ ዳር ማተሚያ ከፍቶ የታወቁ ግጥሞችን ያለ ፈቃድ በቡናማ ወረቀትና በደከመ ፊደል እያተመ፣ ለድኾች ጥቅም የሚል ቃል የርእስ ገጹ ላይ እያሰፈረ ይሸጥ ነበር። በኤፕሪል 1710 ሥራ ላይ የዋለው የንግሥት አን ሕግ የማሳተምን መብት ለደራሲው ወይም መብቱን ለገዛው ለ14 ዓመት፣ ደራሲው በሕይወት ካለ ለሌላ 14 ዓመት ሰጠ። ገጣሚው ከአሳታሚው ጋር ተቀምጦ ለመደራደር የሚይዘው ነገር ያገኘው ያኔ ነው።

ቁጥር 14 ጠቡን ወደ ሌላ ቦታ ወሰዱት። ማን ከፈለ የሚለው ዋና ነገር አይደለም፣ የዘመኑ ጉድለት ሁለት ሁለት እየሆነ ቤት የሚመታው ስንኝ ሕይወት የሌለው መሆኑ ነው አሉ። ሐያሲው ማቲው አርኖልድ በ1880 ገጣሚዎቹን ድራይደንንና ፖፕን የስድ ንባብ ሊቃውንት እንጂ የግጥም ሊቃውንት አይደሉም ማለቱን፣ ገጣሚው ዎርድስዎርዝም በ1815 ከሚልተን «የጠፋው ገነት» እስከ ቶምሰን «ወቅቶች» ባለው ጊዜ ውስጥ ስለ ተፈጥሮ አንድ አዲስ ምስል የለም ማለቱን ጠቀሱ። ቁጥር 15 የዎርድስዎርዝን ቃል እስከ መጨረሻው ባለማንበብዎ አዝናለሁ በሚል መንፈስ፣ ትሕትና የለበሰ ግን የሚነክስ መልስ ሰጡ፤ ዎርድስዎርዝ ከዚያ ፍርድ ነጻ ካወጣቸው ጥቂት ሥራዎች አንዱ የአን ፊንች የሌሊት ግጥም ነው፤ የ«የዊንዘር ደን» አንድ ሁለት ቦታም ከፍርዱ ተርፏል። ፊንች የንጉሥ ጄምስ ሚስት ደንገጡር ነበረች፤ በ1688 ንጉሡ ሲሰደድ ባልና ሚስቱ ለአዲሶቹ ነገሥታት አንምልም ብለው ከቤተ መንግሥት ወጡ፣ ኬንት ውስጥም ኖሩ። መጽሐፏ በ1713 ሲወጣ የርእስ ገጹ በአንዲት እመቤት የተጻፈ ይላል። በግጥሙ ውስጥ በጨለማ የተለቀቀ ፈረስ በቀስታ ሲቀርብ ረጅም ጥላው ያስፈራል፤ ፍርሃቱ የሚለቀው የተነጨው ሣር በጥርሱ መሐል ሲሰማ ነው። ቁጥር 15 ይህን ጠቅሰው ፈረሱ ለማን ደጅ ጠና ብለው ጠየቁ።

«ወቅቶች» ሲነሣ ቁጥር 16 ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም። ጀምስ ቶምሰን በ1744 ባሰፋው የ«በጋ» ክፍል ውስጥ ዓባይ ፀሐያማ ከሆነው የጎጃም ምድር ከሁለት ምንጮች ፈልቆ በደምቢያ ሐይቅ ውስጥ ሲያልፍ ይታያል፤ ጎጃምና ደምቢያ በስማቸው ተጠርተዋል። ቁጥር 17 ምንጩን በ1618 ያየው ስፔናዊው ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ ስለሆነ አውሮፓውያን ቀድመው ያውቁት ነበር ሲሉ፣ የሰከላ ተወላጅ የሆኑ አንድ አንባቢ አያቶቻቸው ያን ውኃ የሚጠጡት የፓኤዝን ፈቃድ ጠይቀው እንዳልነበረ በምሬት መለሱ። ከዚያ የመጡትን አሥር ያህል መልሶች ቁጥር ሳልሰጣቸው ስለ ዓባይ ወደተከፈተው ሌላ ክር አዛውሬያቸዋለሁ።

በቁጥር 18 የመክፈቻው ጸሐፊ ለመጨረሻ ጊዜ ጻፉ፤ ድምፃቸውም ረገብ ብሏል። ስለ ፖፕ የተባለውን በከፊል እንደሚቀበሉ፣ ነገር ግን ንግድ ደጅ ጥናትን ተክቶታል የሚለውን እንደማይቀበሉ ይገልጻሉ። ምስክራቸው ስቲቨን ደክ ነው፤ ዊልትሸር ውስጥ በቀን ሥራ እህል ይወቃ የነበረ ሰው በ1730 ግጥሙ ንግሥት ካሮላይን ዘንድ ደርሶ የዓመት ዳረጎትና ሪችመንድ ላይ ቤት ተሰጠው፤ ስለዚህ አዲሰን ከተሸለመ ከሃያ አምስት ዓመት በኋላም ድኻ ገጣሚን ያነሣው ቤተ መንግሥት ነው። አያይዘውም በ«የወቂው ልፋት» ወቂዎቹ ጥቁሩን አተር ሲወቁ ውለው በላብ፣ በአቧራና በጭስ ኢትዮጵያውያን መስለው ማታ ቤት ሲገቡ ሚስቶቻቸው እንደሚደነግጡና ሕፃናቱ ጭራቅ የመጣ እንደሚመስላቸው የሚናገረውን ቦታ ጠቀሱ፤ በቶምሰን ጎጃም የተደሰተ በደክም ይደሰት አሉ። ይህን ለቁጥር 16 የሰነዘሩት ነው፤ የሚገባም ይመስለኛል።

ቁጥር 19 የደክን ግጥም ያነበቡት ከሌላ ግጥም ጋር መሆኑን ይገልጻሉ። ደክ በዚያው ግጥሙ በድርቆሽ አጨዳ ላይ ያሉትን ሴቶች ወሬ እንጂ ሥራ የማያውቁ አድርጎ ሣለባቸው። በ1739 ሜሪ ኮሊየር የተባለች የፒተርስፊልድ አጣቢ «የሴት ልፋት» በሚል ግጥም መለሰችለት፦ ሴቶቹ በክረምት ሳይነጋ የባለጠጋው በር ላይ ቆመው ያንኳኳሉ፣ ሲያጥቡ ውለው ከእጃቸው ላብ ብቻ ሳይሆን ደም ይወርዳል፣ የቀኑ ዋጋ ስድስት ወይም ስምንት ፔኒ ነው። ግጥሙን ያሳተመችው በራሷ ወጪ ነው፤ ዳረጎትም ቤትም አላገኘችም፣ ትርፉንም ሌሎች እንደ ወሰዱት ኋላ ጽፋለች፤ እስከ 63 ዓመቷም ልብስ ታጥብ ነበር። ቁጥር 19 እንግዲህ እሷን ከደጅ ጠኚዎቹ ነው ወይስ ከሻጮቹ የምትቆጥሯት ብለው የመክፈቻውን ጸሐፊም መምህሩንም ጠየቁ። ዓመቱ ከክሩ ወሰን ስለሚያልፍ ከክሩ ላስወጣው አስቤ ነበር፤ ለደክ የተሰጠ መልስ በመሆኑ እንዳለ ትቼዋለሁ፣ ክሩም ክፍት ነው።